አባባ በባኞ የመጡ ዕለት

ባኞ ልንገዛ ነው።

አባዬ ይህን የተናገረው እራት ላይ፣ ጉርሻው ገና አፉ ውስጥ እያለ ነው። «የቧንቧ ውሃ ወደ ግቢያችን እንዲገባ ተፈቀደ። እንግዲህ የመታጠቢያ ክፍሉን በወጉ እናድሰውና ባኞ እናስገባበታለን» አለና ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው መብላቱን ቀጠለ። እኔ ግን ከደስታዬ ብዛት ብድግ ስል ክርኔ ሽሮው ውስጥ ገባ። እማዬ «ባኞው ሳይመጣ ይቺ መታጠብ ጀመረች» አለች።

እናንተ ቤታችሁ ባኞ ያላችሁ ሰዎች ይህ ደስታ ላይገባችሁ ይችላል፤ ስለዚህ እስከዚያ ቀን የነበረንን መታጠቢያ ቤት ላስተዋውቃችሁ። አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ አንድ ባልዲና አንድ ጣሳ ነው፤ በቃ። በሩ ቆርቆሮ ነው። ቤታችን ደግሞ ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ብዙም ስለማይርቅ ባቡር ባለፈ ቁጥር መሬቱ ይንቀጠቀጣል፤ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ መቀርቀሪያው ይወልቃል፤ መቀርቀሪያው ሲወልቅ በሩ ወለል ይላል። ሌላው ሰው በባቡር ሰዓት መንገድ ሲሄድ እኛ በባቡር ሰዓት ገላችንን እንታጠባለን። አንድ ቀን የጭነት ባቡር ያለ ሰዓቱ መጥቶ የደረሰብኝን እዚህ አልጽፍም። የአማርኛ አስተማሪያችን «መዝለልም የጸሐፊ ጥበብ ነው» ብለውኛል፤ ደግሞም ይህን እሳቸውም ያነቡታል።

ባኞው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለእኔ ተብሎ አልነበረም። ለአባባ ነበር።

አባባ የአባቴ አባት ናቸው። ጋሽ ወልዴ ብትሉ አቃቂ ውስጥ የማያውቃቸው የለም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከጡረታ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ ጣቢያው ድረስ እየሄዱ ከጋሽ ቶሎሳ ጋር በቆርኪ ዳማ ይጫወቱ ነበር። ጋሽ ቶሎሳ እዚያው አባባ የሚነዱት ባቡር ላይ የፍሬን ሠራተኛ ነበሩ። አንዱ ያስኬዳል፣ አንዱ ያቆማል፤ እንዲሁ ሲባባሉ አብረው አረጁ።

ዘንድሮ የአባባ ጉልበት ታመመ። ሐኪሙ «በሙቅ ውሃ ይዘፍዝፉት» አላቸው፤ አባባም «ሸሚዝ ነኝ እንዴ?» አሉት። ማታ ማታ እማዬ ሳፋ ውስጥ ታስቀምጣቸዋለች። ሳፋ ግን የሚይዘው እግር እንጂ ጉልበት አይደለም፤ ጉልበታቸው ከውሃው በላይ እንደ ሁለት ተራራ ደረቁን ይቀራል። ጣቢያ መሄድ ቀረ። እንቅልፍም ቀረ። ቀኑን በረንዳ ላይ ተቀምጠው ባቡር ባለፈ ቁጥር «ዘግይቷል» ይላሉ፤ ቢዘገይም ባይዘገይም።

ጉልበታቸው ብቻ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነበር። መጨረሻ የተጫወቱ ዕለት፣ ባቡር እያለፈ ሳለ ሰሌዳው ተንቀጠቀጠና አንዷ የጋሽ ቶሎሳ ቆርኪ የማይገባት ቦታ ላይ ተገኘች። አባባ «ገፋሃት» አሉ። ጋሽ ቶሎሳ «ባቡሩ ነው» አሉ። አባባ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ባቡርን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ባቡር ሰው ያስረፍዳል፣ ላም ይገጫል፤ ቆርኪ ግን አይሰርቅም።» ከዚያ ወዲህ ተኮራረፉ። ለምን ጣቢያ እንደማይሄዱ ስንጠይቃቸው «ጉልበቴ ነው» ይላሉ። ጉልበታቸው ይሁን ኩራታቸው ሐኪሙም መለየት አልቻለም።

አባዬ ያሰበው እንዲህ ነው፦ ጉልበታቸው ከተሻለው ሰበብ ያጣሉ፤ ሰበብ ካጡ ጣቢያ ይሄዳሉ፤ ጣቢያ ከሄዱ ይታረቃሉ። እንዲህ ሆኖ የሁለት ሽማግሌዎች ወዳጅነት በአንድ ባኞ ላይ ተንጠለጠለ።

ወሬው ሰፈር ሲደርስ ሁሉም ሰው የባኞ ሊቅ ሆኖ ተገኘ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ «ሰው በተኛበት ውሃ ይታጠባል? ያ መቀቀል ነው» አሉ። አንዲት ሌላ ጎረቤታችን ጌሾ ልትዘፈዝፍበት ከአሁኑ ተራ ያዘች። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ እንኳን (ይህን ሰው ልብ በሉልኝ፣ ይመለሳል) «እኔ የማምነው ቆሞ የሚታጠብ ሰው ነው» ብሎ አለፈ። ከሁሉ የባሱት ግን ራሳቸው አባባ ነበሩ። «ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚተኛ በሕይወቴ አንድ ነገር ብቻ ነው ያየሁት፤ እሱም ጉማሬ ነው» አሉ።

በመጨረሻ እማዬ ቆረጠች። «ቅዳሜ ፒያሳ አብረውን ይሄዳሉ። የሚስማማዎትን ራስዎ ይመርጣሉ። ካልመረጡ ክፍሉን የከሰል ማስቀመጫ አደርገዋለሁ» አለቻቸው። እማዬ ከዛተች ታደርገዋለች። እኔ ያን ሳምንት ሙሉ ሕልሜ ጥቁር ነበር፤ ከሰል በከሰል።

ቅዳሜ በጠዋት አባባን በጋሪ ጣቢያ አድርሰን በባቡር ሄድን። አባባ ጋቢያቸውን ደርበው፣ የድሮ የባቡር ቆባቸውን ደፍተው ነበር። እማዬ የክፍሉን ርዝመትና የበሩን ስፋት በገመድ ላይ ቋጥራ ያዘች። እኔ ከተማ መሄዳችን ነው ብዬ ጥለቱ ሰፊ የሆነውን የእማዬን ነጠላ ለበስኩ። ነጠላዋንም ልብ በሉልኝ።

የፒያሳው ባለ ሱቅ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያስቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። ሱቁ ውስጥ ሦስት ባኞዎች ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ሮዝ ነበር። እኔ ገና በሩ ላይ እንዳለሁ «ይህችን» አልኩ፤ ሰው እንዲህ ነው የሚሳሳተው፣ በቀለም። አባባ ጫማቸውን አውልቀው ገቡባት። ጉልበታቸው አገጫቸውን ነካ።

«ይኼ ባኞ አይደለም» አሉ። «የዶሮ ቅርጫት ነው። እንቁላል ልጣልበት?»

ሁለተኛው ቀጭን ላሜራ ነበር። አባባ የባቡር ጎማ እንደሚመረምር ሰው ጎንበስ ብለው በጣታቸው መገጣጠሚያ አንኳኩትና ጆሯቸውን ደገኑ። ባኞው እንደ ደወል ጮኸ። «በዚህ ውስጥ ሳሙና የወደቀ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ለቅዳሴ ይነሳል» አሉ። ባለ ሱቁ ሳቃቸውን ሊደብቁ መነጽራቸውን መጥረግ ጀመሩ።

ሦስተኛው ጥግ ላይ ነበር፤ ትልቅ፣ ነጭ፣ ብረቱ ወፍራም፣ ከሥሩ አራት የአንበሳ እግር ያለው። እማዬ ገመዷን ዘረጋችና አንገቷን ነቀነቀች፤ ልክ ነው። አባባ አንኳኩ። ድም አለ፣ እንደ ወፍራም ሰው ሆድ።

«ፍሬን አለው?» ብለው ባለ ሱቁን ጠየቁ።

«ባኞ ፍሬን ምን ያደርግለታል፣ ጌታዬ?»

«እግር ያለው ነገር ሁሉ ፍሬን ያስፈልገዋል።»

ገቡና ተንጋለሉ። ወዲያው ማማረር ጀመሩ። «ጠርዙ ይቀዘቅዛል። ጀርባው ደግሞ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ሰው እንዲህ ተንጋሎ ጣሪያ እያየ ምን ሊያስብ ነው? እኔ በበኩሌ...»

ከዚህ በኋላ ያሉትን ማናችንም አልሰማንም፤ ምክንያቱም አላሉትም። ተኝተው ነበር። ስንት ሌሊት በሽማግሌ ኩርፊያና በጉልበት ሕመም ሲገላበጡ የከረሙት አባባ ፒያሳ መሐል፣ በሰው ሱቅ ውስጥ፣ ማንኮራፋት ጀመሩ። እማዬ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ለባለ ሱቁ በሹክሹክታ «ይኼንኑ ይስጡን» አለቻቸው። ባለ ሱቁም በሹክሹክታ መለሱ። ሌላ ገዢ ሲገባ እሳቸው ራሳቸው «እሽሽ» አሉት። ዓይን ጨፍኖ መምረጥ ሁልጊዜ ሞኝነት ነው ያለ ሰው ካለ፣ እኛ ባኞ ስንገዛ አልነበረም።

ባኞው በጭነት ፉርጎ መጣ፤ እኛም በዚያው ባቡር። አቃቂ ስንደርስ እማዬ የቧንቧውን መገጣጠሚያዎች ልትረከብ ጣቢያው ቀረችና «አባባን ይዘሽ ቅደሚ» አለችኝ። የሆነው ሁሉ የሆነው እንግዲህ ይህን ኃላፊነት ለእኔ በመስጠቷ ነው።

የፈረስ ጋሪ ተከራየሁ። ባኞው ሲጫን ጋሪውን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። አባባ መቀመጫ የላቸውም፤ በእግር እንዳይሄዱ ጉልበታቸው አለ። ባለ ጋሪው «ምን ችግር አለ? ውስጡ ይግቡ እንጂ። ሊገቡበት አይደል የተገዛው?» አላቸው። አባባ እንቢ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ፤ እንዳይጭረው ነው። ቆባቸውንም ሰጡኝ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ተጋደሙና ከጣቢያው አጥር ሳንወጣ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ፀሐዩ ፊታቸው ላይ ነው። ዝንቡም አለ። እኔ አሳቢዋ የልጅ ልጅ ጋቢውን ሳብ አድርጌ ፊታቸውን ሸፈንኩላቸው። ከዚያ የእማዬ ነጠላ ጥለት አቧራ ላይ እንዳይጎተት ገልብጬ ወደ አንገቴ አወጣሁት። ጫማቸውንና ቆባቸውን አቅፌም ከጋሪው ኋላ በእግሬ ተከተልኩ።

እስቲ አሁን መንገዱ ዳር ቆማችሁ እዩኝ። እኔ ራሴን አላየሁም። እኔ የማየው ባኞውን ነው።

መጀመሪያ አንድ ባለ ቆብ የባቡር ሠራተኛ አጋጠመን፤ ጋሪውን እንዳየ ቆቡን አውልቆ ቀጥ ብሎ ቆመ። አይ አቃቂ፣ የሠለጠነ አገር፣ አልኩ በልቤ፤ ለባኞ እንኳ ክብር ያውቃሉ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጅ ነሳሁት። ቀጥሎ ከጠጅ ቤት የወጡ ሰዎች ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ተከተሉን። ሲተከል ሊያዩ ነው ብዬ ደስታዬ ጨመረ። ትንሽ እንደሄድን ከኋላዬ ያለው ሰው መንገዱን ሞላው፤ ሁሉም ዝም ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ። ለሠርግ እንኳ ይህን ያህል ሰው አይከተልም።

ኩርባው ላይ እትዬ አስካለ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው መጡ።

«ልጄ፣ መቼ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት፣ ፒያሳ» አልኩ በኩራት።

«ሳንሰማ፣ እንዲህ በድንገት?»

«እኛም እንዲህ በቶሎ ያልቃል አላልንም። ተኙና አለቀ።»

እትዬ አስካለ አቀፉኝ። እንባቸው አንገቴ ላይ ሲወርድ ተሰማኝ። እኒያ ባኞን መቀቀያ ያሉት ሴትዮ በደስታችን ሲያለቅሱ ሳይ ልቤ ተነካ፤ የመጣልኝን መልካም ቃል ሁሉ ሰብስቤ «ለእርስዎም ቤት ይግባ» አልኳቸው።

ክንዳቸው ከትከሻዬ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

ከሰዉ መሐል የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ሲሮጥ አየሁት። ወዲያው ጡሩምባው ተሰማ። የጋሪው ጎማ ስለሚጮህ የማንን ስም እንደጠራ አልሰማሁም፤ ደግሞ በዚህ በደስታችን ቀን ማን ነው የሞተው ብዬ ትንሽ ቅር አለኝ።

እድራችን በፍጥነቱ የታወቀ ነው፤ የዘገየ ይቀጣላ። በራችን ላይ ስንደርስ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ ድስቱ እሳት ላይ ወጥቷል። አንባቢዎቼ፣ አፍሬ እነግራችኋለሁ፣ ድንኳኑን አይቼ እንኳ አልነቃሁም። ክፍሉ ታድሶ እስኪያልቅ ባኞው ፀሐይ እንዳይመታው አባዬ ያስተከለው መሰለኝ። ጋሪው ከነባኞው፣ ባኞው ከነአባባ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ሴቶቹ ጩኸቱን አቀለጡት።

በዚህ መሐል ነው እማዬ ከጣቢያው ጡሩምባውን ሰምታ እየሮጠች የደረሰችው። አንድ ጫማዋ የለም። «ተኝተው ነበር እኮ የተውኳቸው! ተኝተው ነበር!» እያለች ደረቷን ትመታለች።

እማዬ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ወደ ጋቢው ዞርኩ። ጋቢው አይንቀሳቀስም። እና እኔ፣ ጋቢውን በገዛ እጄ የሳብኩት፣ ሲያንኮራፉ በገዛ ጆሮዬ የሰማሁት ልጅ፣ አመንኩ። ሰፈር በሙሉ የመሰከረበትን ሞት እኔ ማን ነኝ የምክድ? ጉልበታቸው አንድ ቀን እንኳ ሙቅ ውሃ ሳያገኝ፣ አንድ ቅዳሜ እንኳ ወደ ዳማቸው ሳይመለሱ። ጫማቸውን ደረቴ ላይ አጥብቄ እኔም መጮህ ጀመርኩ፤ ካለቀሱት ሁሉ የኔ ሳይበልጥ አይቀርም።

ድንገት ጩኸቱ ረገብ አለ። ሰዉ መንገድ ለቀቀ። ጋሽ ቶሎሳ መጡ።

እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጋሪው አጠገብ ቆሙ። «ያ ወልዴ ኮ» አሉ፤ ወልዴዬ እንደማለት ነው። «ሳንነጋገር? አንተ ካላስኬድከው እኔ ምኑን ላቆም ነው?» ወደ ሰዉ ዞሩ። «እንግዲህ እግዜርም ይስማኝ፣ ይኼ ሁሉ ሕዝብም ይስማኝ። ባቡሩ አልነበረም። ቆርኪዋን እኔ ነኝ በጣቴ የገፋኋት።»

ከጋቢው ሥር «አላልኩም?» የሚል ድምፅ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉንም አላየሁም፤ እኔም ሮጫለሁና። ባለ ጋሪው አጥር ዘለለ። እትዬ አስካለ የድንኳኑን ምሰሶ አቅፈው የማውቀውንም የማላውቀውንም ቅዱስ ጠሩ። ከስፍራው ያልተነቃነቀው ፈረሱ ብቻ ነው። ተመልሼ ስመጣ አባባ ባኞው ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ጋሽ ቶሎሳ ደግሞ መሬት ላይ።

«ሁላችሁም ሰምታችኋል» አሉ አባባ።

«ለሞተ ሰው የተነገረ አይቆጠርም» አሉ ጋሽ ቶሎሳ ከመሬት።

«አልሞትኩማ።»

«እኔ ስናገር ሞተህ ነበር።»

እማዬ እንባዋን ጠረገች፤ ስትጠርግ ፊቷ ተለወጠ። «ለመሆኑ መቼ ነው የነቁት?»

«ጡሩምባው ሲነፋ። ማን እንደሞተ ልስማ ብዬ ጆሮዬን ሳቆም የኔን ስም ጠራ።»

«እና ዝም አሉ?»

«ሰው ስሙ እንዲህ በመልካም ሲነሳ እንዴት ያቋርጣል? ይጨርሱ ብዬ ነው» አሉ አባባ። «ደግሞ ቶሎሳን እየጠበቅኩ ነበር።»

ይህን ሲሉ ጋሽ ቶሎሳን አላዩአቸውም፤ የባኞውን ጠርዝ ነበር የሚያዩት። ጋሽ ቶሎሳም ተነስተው፣ አቧራቸውን አራግፈው፣ እጃቸውን ዘረጉላቸው። ተሳሳሙ፤ አንዱ ከጋሪው በታች፣ አንዱ ባኞ ውስጥ ሆኖ፣ ለመድረስ እየተንጠራሩ።

ጡሩምባ ነፊው ብቻ ተጨነቀ። «እኔ የነፋሁትን መልሼ አልውጠው። ምን ልበል አሁን?» አለ። አባባም «ቁም ተዝካር ነው በላቸው» አሉት። ድስቱ ደርሶ ነበር። ለለቅሶ የመጣው ሁሉ ተቀምጦ በላ፤ ጋሽ ቶሎሳ አባባን ባኞው ውስጥ እንዳሉ አጎረሷቸው። ሬሳ ሊሸከም የመጣው ትከሻም ባኞውን ተሸክሞ ክፍሉ ውስጥ አስገባልን፤ ያን የሚያህል ብረት በቤተሰባችን አቅም ቢሆን እስካሁን በር ላይ ነበር።

አባዬ ደግሞ ከሚሠራበት ፋብሪካ በለቅሶ ፈቃድ እያለቀሰ መጥቶ አባቱን ሲበሉ አገኛቸው። ፈቃዱን ልመልስ ብሎ ቢሄድ አለቃው እስኪያዳምጠው ሳቅ አሸነፈውና «ሂድና ባኞህን ትከል» አለው። ስለዚህ ቧንቧው የተገጠመው፣ ግድግዳው የተለሰነውና አዲሱ የእንጨት በር የቆመው በአባባ የሐዘን ፈቃድ ነው።

ውሃው በበርሜል ፈልቶ በመጀመሪያው ቀን አባባ ገቡ። እኔ ከበሩ ውጭ «እንዴት ነው?» እያልኩ ነበር። ሦስቴ በሩን አንኳኳሁ፤ አንዴ የተቃጠልኩ አይደለሁ? ከዚያ «ሁለቱም ተራሮች ሰጠሙ» አሉ። እኔ በማግስቱ ገባሁ። እስከ አንገቴ ውሃ ውስጥ እንዳለሁ የጭነቱ ባቡር ያለ ሰዓቱ መጣ። ውሃው ዙሪያዬን ተንቀጠቀጠ። በሩ አልተከፈተም። ጮክ ብዬ ሳቅኩ፤ ባቡሩ እስኪያልፍ ድረስ እንደ ንግሥት ተኝቼ ጠበቅኩት።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። አባባ ማታ ማታ እየተዘፈዘፉ ጉልበታቸው መታጠፍ ጀምሯል። የፊታችን ቅዳሜ በምርኩዝ ጣቢያው ድረስ በእግራቸው ሊሄዱ ነው። ያ የተበላሸው ዳማ እንደ አዲስ ይጀመራል። ችግሩ ባቡሩ መሐል ላይ ማለፉ አይቀርም፤ ጋሽ ቶሎሳ አባባን አያምኑም፣ አባባ ጋሽ ቶሎሳን አያምኑም፣ እኔን ደግሞ ከጋቢው ወዲህ ማንም አያምነኝም። ስለዚህ ምስክር ያስፈልጋል። የምትችሉ ሁሉ አቃቂ ጣቢያ፣ ጥላው ሥር ወዳለው አግዳሚ ኑልን። ባቡሩ ሲያልፍ ባቡሩን ማየት ክልክል ነው፤ ሁሉም ሰው ቆርኪዎቹን ነው የሚያየው።

አባባ ደግሞ ይህን ጨምሪበት ብለውኛል፦ «ከፈለጋችሁኝ አሁን ኑ። ጡሩምባ አትጠብቁ።»